ሠራተኛው የሚያስብበት ንግድ ቤት

ነጋዴ ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳቡን ይመረምራል። በመጋዘን ያለውን ዕቃ ያስቈጥራል፤ በባንክ ያለውን ገንዘብ፣ በደንበኛ እጅ የቀረውን ዱቤና ለመንግሥት የሚከፈለውን ግብር በየዓምዱ ያሰፍራል። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ አንድ ትልቅ ሀብት ሳይጻፍ ይቀራል። እርሱም በየቀኑ ዕቃውን የሚያነሣውና የሚያስቀምጠው፣ ከደንበኛው ጋር የሚነጋገረው፣ በጉምሩክ ደጅ የሚመላለሰው ሠራተኛ በአእምሮው የያዘው እውቀት ነው። ይህ እውቀት ወደ ባለቤቱ ጆሮ ሳይደርስ የሚቀርበትን ምክንያትና ሊደርስ የሚችልበትን መንገድ መመርመር ለንግድ ማኅበረ ሰባችን አስቸኳይ ጉዳይ ሆኗል ብለን እናምናለን።

አስቸኳይ ያሰኘን የዘመኑ ሁኔታ ነው። ለብዙ ዓመታት የገቢና የወጪ ንግድ፣ እንዲሁም የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በአብዛኛው ለአገር ተወላጅ ተጠብቆ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ግን ይህን በር ለውጭ አገር ባለሀብቶች ከፈተ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም የውጭ ባንኮች ወደ አገራችን እንዲገቡ ፈቀደ። ከዚህ ቀደም ፈቃድ ማውጣትና የምንዛሪ ወረፋ መድረሱ ራሱ የትርፍ ምንጭ የሆነለት ነጋዴ ጥቂት አልነበረም። ከእንግዲህ ወዲህ ግን በዚህ መመካት አይቻልም። ሊወዳደሩን የሚመጡት ሰዎች ብዙ ገንዘብና ረጅም ልምድ ይዘው ይመጣሉ፤ በካፒታል ብዛት ልንበልጣቸው አንችልም። ገበያውንና ደንበኛውን በማወቅ ግን ልንበልጣቸው እንችላለን። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ይልቅ ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ሰው ነው።

ለዚህ ምሳሌ ከደጃችን ከሰንጋ ተራ እንጀምር። ስሙ እንደሚያስረዳው ቦታው የሰንጋ መገበያያ ነበር። የሰንጋ ነጋዴ ሚዛን ሳያስፈልገው ሻኛውን ዳስሶ፣ ጥርሱን አይቶ፣ አረማመዱን ተመልክቶ ዋጋውን ይገምታል። ብልህ የሆነውም ከብቱን የነዳውን፣ ያበላውንና ያጠጣውን እረኛ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ ከብቱ በመንገድ ማነከሱን የሚያውቀው እረኛው ነውና። ዛሬ በዚሁ ሥፍራ የንብ፣ የሕብረትና የዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተሠርተው፣ በየሕንፃው ሥር ሱቆችና የአስመጪና ላኪ ጽሕፈት ቤቶች ተከፍተው ይታያሉ። የሚሸጠው ነገርና የሚሸጥበት ቤት ተለውጧል፤ ዕቃውን በእጁ የያዘውን ሰው መጠየቅ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ያው ነው።

ታዲያ ሠራተኛው ያወቀውን ስለ ምን አይናገርም? ዋናው ምክንያት አስተዳደጋችን ይመስለናል። በቤትም በትምህርት ቤትም ታላቅ ሲናገር ታናሽ እንዲያዳምጥ ተምረናል። ይህ ጨዋነት በራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን በሥራ ቤት ያለ ልክ ሲሠራበት ጉዳት ያመጣል። አንድ ወጣት ሻጭ «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ከበሩ አጠገብ ቢሆን ይሻል ነበር» ብሎ ሲጀምር «አንተ ሥራህን ሥራ» የሚል መልስ ካገኘ፣ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት መመሪያው አድርጎ ደመወዙን ብቻ ይጠብቃል። ባለቤቱም ቤቱ ሰላም የሆነ ይመስለዋል። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉትም በእንዲህ ያለው ቤት ይፈጸማል፤ ደንበኛው ስለ ምን እንደ ሸሸ ሠፈሩ ሁሉ ሲያውቅ የማያውቀው ባለሱቁ ብቻ ይሆናልና።

የሠራተኛን አሳብ መሰብሰብ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር የቶዮታን ታሪክ ይመልከት። ይህ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ሊከስር ተቃርቦ፣ ሠራተኞቹ አድመውበት፣ ብዙ ሰዎችን አሰናብቶ፣ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ከፕሬዚዳንትነት የወረዱበት ድርጅት ነበር። በዚያ ዓመት ኤይጂ ቶዮዳ ወደ አሜሪካ ሄደው የፎርድን ፋብሪካ ጐበኙ። የፎርድን መኪና አሠራር እንዳለ ለመቅዳት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሠራተኞች አሳባቸውን የሚያቀርቡበትን ደንብ ግን ለመውሰድ የሚያግዳቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ ይህንኑ ደንብ በፋብሪካው አቋቋመ። አሳብ ከሠራተኛው እንዲመነጭ ያደረገው በጠገበ ጊዜ ሳይሆን በተቸገረ ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይኸው ትምህርት ወደ አገራችንም ደርሷል። ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት ርዳታ 30 አምራች ድርጅቶች ካይዘን የተባለውን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ሞከሩ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማዎች» በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተጽፈው አይተናል። ነገር ግን ካይዘን ማለት ወለል ላይ መሥመር ማስመርና ሰሌዳ መስቀል ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የነገሩ ፍሬ ሠራተኞች በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው የራሳቸውን ሥራ ጉድለት ራሳቸው መርምረው መፍትሔ ማቅረባቸው ነው። ያም ሙከራ የተጀመረው በአምራቾች ዘንድ ስለ ሆነ፣ ብዙ ነጋዴዎች ነገሩ የፋብሪካ እንጂ የሱቅና የመጋዘን ጉዳይ አይደለም ብለው ተቀምጠዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳናል።

በሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነሩ ከቀኑ አልፎ በመቆየቱ ተጨማሪ ክፍያ የተጠየቀ አንድ አስመጪ አለ እንበል። የተለመደው መድኃኒት ትራንዚተሩን መቈጣት ነው። ትራንዚተሩ ለምን ዘገየ ቢባል ግን ሰነዱ ዘግይቶ ስለ ደረሰው ነው። ሰነዱስ ለምን ዘገየ? በንግድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ስለ ተቀመጠ ነው። ለምን ተቀመጠ? ፊርማ ስለሚጠብቅ ነው። ፊርማው ለምን አልተገኘም? ባለቤቱ ከከተማ ወጥቶ ስለ ነበረ ነው። ሌላ ሰው ለምን አልፈረመም? ውክልና የተሰጠው ሰው ስለሌለ ነው። ጃፓኖች «አምስት ጊዜ ለምን በል» የሚሉት ይህንን ነው፤ በእኛም ዘንድ «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላል። ሥሩ ሲቈፈር ጥፋቱ ከትራንዚተሩ ላይ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ ጠረጴዛ ተመለሰ። ሰነዱን በመሳቢያዋ የያዘችው ጸሐፊ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ታውቀው ነበር፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ችግር በጸና ጊዜ የሰውን አእምሮ ማሠራት ምን ያህል እንደሚጠቅም ላኪዎቻችን በዓይናቸው አይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲዘጋ መንገደኛ ጠፋ፤ የብዙ አገር አውሮፕላኖች በየሜዳው ቆሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ከበርካታ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ላይ ወንበሮችን አንሥቶ የጭነት ማጓጓዣ አደረጋቸው። የሕክምና መሣሪያና ሌላም ዕቃ እያመላለሰ ያንን ክፉ ጊዜ አለፈ። መንገደኛ ቢጠፋም ጭነት እንዳልጠፋ አስተውሎ ያለውን ንብረት ለሌላ ሥራ ማዋል፣ ሥራውንም በራስ ባለሙያ መፈጸም፣ ለትንሹም ንግድ ቤት የሚሆን ትምህርት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዱ «ሠራተኛን ካስጠጋሁት የንግዴን ምሥጢር አውቆ ነገ ከጎኔ ሱቅ ይከፍታል» ይላል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ሠራተኛው የዕቃውን መግዣ፣ የደንበኛውን ስምና የአቅራቢውን አድራሻ ዛሬም ያውቃል፤ አሳቡን ባለመጠየቅ የሚጠበቅ ምሥጢር የለም። ይልቁንም ያልተሰማ ሰው ቶሎ ይሄዳል፤ የተሰማና ከጥቅሙ የተካፈለ ሰው ግን ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያስባል። ሌላው ደግሞ «ከሚቀርበው አሳብ አብዛኛው የማይረባ ይሆናል» ይላል። እውነት ነው። ስለዚህ አሳብን ሁሉ መቀበል ሳይሆን በትንሽ ወጪ መፈተን ያስፈልጋል። አዲስ የዕቃ አደራደር በአንድ መደርደሪያ፣ አዲስ የአስተሻሸግ ዘዴ በአንድ ጭነት፣ አዲስ የሽያጭ ሰዓት በአንድ ሳምንት ቢሞከር፣ ባይሳካ እንኳ ኪሳራው የሚያሳዝን አይሆንም።

እንግዲህ ለማንኛውም ንግድ ቤት፣ ሁለት ሠራተኛ ላለውም ቢሆን፣ ሊፈጸሙ የሚችሉ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሠራተኞች ሁሉ ተሰብስበው ሥራቸውን ይመርምሩ። በዚህ ጉባኤ ከታናሹ ጀምሮ ይነገር፤ ባለቤቱ መጨረሻ ይናገር። እርሱ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው «ልክ ነው ጋሼ» ከማለት በቀር የሚጨምረው አይኖረውም።

ሁለተኛ፤ የአሳብ መዝገብ ይኑር። አሳቡን ያቀረበው ሰው ስም፣ ቀኑና የተሰጠው መልስ ይጻፍበት። መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ ከነምክንያቱ በሳምንት ውስጥ ይሰጥ። ሠራተኛን ከእምቢታ ይልቅ የሚያስቀይመው መልስ ማጣት ነውና።

ሦስተኛ፤ እንደ ቤቱ አቅም በብር መጠን ተወስኖ፣ ሠራተኛው ሳይጠይቅ ሊፈታው የሚችለው ችግር ይታወቅ። የተበላሸ ዕቃ ለመለወጥና ቅር የተሰኘ ደንበኛን ለመካስ ባለቤቱ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ሱቅ ደንበኛውን ለጎረቤት ያስረክባል።

አራተኛ፤ አሳቡ ጥቅም ባስገኘ ጊዜ ከጥቅሙ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለአሳቢውም ይድረስ፤ ስሙም በጓዶቹ ፊት ይጠራ። በተፈቀደ ሙከራ ለደረሰ ጉዳት ደመወዝ አይቈረጥ። ቸልተኝነትና እምነት ማጉደል ግን ከዚህ የተለዩ ናቸውና በደንባቸው ይታዩ።

ከእነዚህ አራቱ ከባዱ የገንዘቡ ጉዳይ አይደለም፤ ባለቤቱ የራሱን ጥፋት በሠራተኛው አንደበት ሲሰማ መታገሡ ነው። የመጀመሪያው ጉባኤ ዝምታ የበዛበት ቢሆን ሊያስደንቅ አይገባም፤ ለብዙ ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ጠዋት አይከፈትም። የመጀመሪያውን ቅሬታ ያቀረበው ሰው ምን እንደ ደረሰበት ሌሎቹ አተኩረው ይመለከታሉ፤ ሁለተኛው ሰው የሚናገረው ወይም የሚተወው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

የንግድ ምክር ቤታችን አባላት ይህን ጀምረው ያገኙትን ፍሬ፣ ያልተሳካላቸውንም ጭምር፣ እርስ በርሳቸው ቢነጋገሩበት አንዱ ከሌላው ይማራል። ከውጭ የሚመጣው ተወዳዳሪ ዕቃችንን ሊገዛ፣ ሕንፃችንንም ሊከራይ ይችላል፤ ሠራተኛችንንም ደመወዝ ጨምሮ ሊወስድብን ይችላል። እርሱ ከመጠየቁ በፊት ሠራተኞቻችንን እኛ ብንጠይቃቸው ይበጃል።