ምላጩን የከለከለ መፈክር

«በወሊድ ምክንያት አንዲትም እናት መሞት የለባትም!» የሚለውን መፈክር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተለጥፏል፤ በየስብሰባው አዳራሽ ተሰቅሏል። ከዚህ መፈክር ጋር የሚጣላ ልቡና ያለው ሰው የለም፤ እኔም አልጣላም። የእኔ ጠብ ከእርሱ በኋላ ከተወለደው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው፤ «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ ቀበሌ» ከሚባለው። የመጀመሪያው ስለ ሞት ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ቦታ። በሞትና በቦታ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ለብዙ ሺህ ሴቶች የአንድ ምላጭ ልዩነት ነው።

እስቲ ቁጥሮቹን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብለዋል። በ2000 ጥናት ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ጥናት 412 ሆኗል። ይህን ሥራ የሚያጣጥል ካለ ፍርደ ገምድል ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባይኖር፣ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሰው የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ጎጆ ለጎጆ ባይዞሩ ኖሮ፣ እዚህ መድረስ የማይታሰብ ነበር። ዳሩ ግን 48ን ያነበበ ዓይን 52ንም ማንበብ ይኖርበታል። ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ ከግማሽ የሚበልጠው ወሊድ አሁንም ቤት ውስጥ ነበር። እነዚህ ሴቶች መፈክሩን ያልሰሙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1994 ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» ብለው የሰየሙት ነገር አለ፤ ለመሄድ የመወሰን መዘግየት፣ የመድረስ መዘግየት፣ ደርሶም ተገቢውን እንክብካቤ የማግኘት መዘግየት። ወንዝ ሞልቶ፣ አምቡላንስ ነዳጅ አጥቶ፣ ምጥ በውድቅት ሌሊት ጀምሮ መንገድ የዘጋባት ሴት ሁለተኛው መዘግየት ይዟታል። እርሷን በመፈክር መገሠጽ ምን ይፈይዳል?

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ቀበሌ «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ» ተብሎ ከታወጀ፣ በዚያ ቀበሌ ለቤት ውስጥ ወሊድ የሚሆን ዕቃ ማዘጋጀት ማለት ዐዋጁን መካድ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቁጥር የምትመዘን ከሆነ ቁጥሯን ትጠብቃለች፤ ሰው ናትና። «ሄደሽ ውለጂ» ትላለች፤ «ምናልባት ሳይሆንልሽ ቢቀር ይህን በእጅሽ ያዢ» ለማለት ግን አፏ ይያዛል። ቀደም ባሉት ዐሥርት ዓመታት የልምድ አዋላጆች እየተሰበሰቡ ሲሠለጥኑ፣ የማዋለጃ ዕቃም ሲታደላቸው እናውቃለን። የኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት ንጹሕ የማዋለድ ተግባር ተምረው ነበር። በኋላ ሁሉም ነገር «ወደ ተቋም!» በሚለው አንድ ቃል ተጠቀለለ። አቅጣጫው ትክክል ነበር። ስሕተቱ፣ አቅጣጫውን ያወጀ ሁሉ መንገዱ እንዳለቀ ማሰቡ ነው።

ለመሆኑ እየተነጋገርን ያለነው ስለ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ስለ ውድ መሣሪያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የንጹሕ ወሊድ መመሪያዎች የሚጠይቁት ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ገላ፣ ንጹሕ መውለጃ ቦታ፣ ንጹሕ መቁረጫ፣ ንጹሕ ማሰሪያ፣ ንጹሕ የእትብት አያያዝ ነው። ወደ ዕቃ ሲመነዘር ሳሙና፣ ጓንት፣ የሚነጠፍ ፕላስቲክ፣ ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ምላጭ፣ የተቀቀለ ክር፣ አንዱ ሕፃኑን ለማድረቅ ሌላው ለመጠቅለል የሚሆኑ ሁለት ደረቅ ጨርቆች፣ ለእትብቱ የሚቀባ ክሎርሄክሲዲን፣ ለሌሊቱም የእጅ ባትሪ ይሆናል። በዚህ ላይ ሦስት እንክብል ሚሶፕሮስቶል ጨምሩበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር፣ የሠለጠነ አዋላጅ በሌለበት ሥፍራ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ይህን መድኃኒት በ600 ማይክሮግራም መጠን በአፍ እንድትሰጥ ፈቅዷል፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የደም መፍሰስ ይከላከላልና። ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ከተወሰደ ግን ማሕፀን እስከ መቅደድ የሚያደርስ አደጋ አለው፤ መንታ መኖሩ ሳይጣራም አይዋጥም። ስለዚህ ከትምህርት ጋር እንጂ እንደ ከረሜላ የሚታደል ነገር አይደለም።

ምላጭና ክር የሚለውን ንቀው የሚያልፉ ምሁራን ወዳጆች አሉኝ። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው። እትብት በዛገ ማጭድ ተቆርጦ፣ እበት ወይም ቅቤ ተቀብቶ የሚሸኝበት ዘመን ከታሪክ መጻሕፍት ገና አልገባም። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ የተረጋገጠላት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ይህም በክትባትና በንጹሕ ወሊድ የተገኘ ድል ነው። ተሕዋሱ ግን ከአፈር ስለማይጠፋ፣ ድሉ በየዓመቱ የሚታደስ እንጂ አንድ ጊዜ ተሸልመውት የሚተኙበት ሜዳልያ አይደለም።

ባህላችን በዚህ ረገድ አያግዘንም። እኛ የምናዘጋጀው ለአራስ እንጂ ለምጥ አይደለም። የገንፎው ዱቄት ይፈጫል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ የአጥሚቱ እህል ይሰናዳል፤ እልልታው ስንት ጊዜ እንደሚባል ሳይቀር ይታወቃል። ለዚያች ሰዓት ግን የሚዘጋጀው «ማርያም ማርያም» ማለት ብቻ ነው። ላልተወለደ ልጅ ልብስ መግዛት ክፉ ገድ የሚመስላቸው ቤቶች አሁንም አሉ፤ እትብት መቁረጫ ገዝቶ ማስቀመጥማ እንዴት ይታሰባል! የወለደችን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው፣ መትረፏን እንደ ምሕረት እንጂ እንደ ዝግጅት ውጤት ስለማናየው ነው። ጸሎቱን አልነቅፍም። ጸሎት ግን ምላጭ አይከለክልም፤ የከለከለው የቢሮው መፈክር ነው።

ይህ የገጠር ወሬ የመሰለው የከተማ አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ። የምኖረው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው፤ ከቤቴ ደጃፍ በእግር የሚደረስባቸው ክሊኒኮች ከዳቦ ቤቶች ይበዛሉ። በ2016ቱ ጥናት በአዲስ አበባ ከመቶ ወሊዶች 97ቱ በጤና ተቋም የተፈጸሙ ነበሩ። ታዲያ የቀሩት ሦስቱ እነማን ናቸው? ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን ከአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ ሌሊት ብቻዋን ወለደች። እርግዝናዋ ከታወቀ እንደምትባረር ስለምታውቅ ወራቱን ሁሉ በሰፊ ቀሚስ ሸፍናው ነበር። እትብቱን በወጥ ቤት ቢላ ቆርጣ፣ ከነጠላዋ ጥለት በመዘዘችው ክር አሰረችው። እናትም ልጅም ተረፉ። የሰፈሩ ወሬ ግን ስለ መትረፋቸው አልነበረም፤ «እንዴት እንዲህ ታታልለን!» የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣች አንዲት ዘመዳችን፣ ቤቷ ውስጥ እንዴት እንደወለደች ካፌ ተቀምጣ አጫውታናለች። አየር የሚሞላ የውሃ ገንዳ፣ የሚነጠፍ ፕላስቲክ፣ የተቆጠሩ ፎጣዎች፣ የእትብት መቆንጠጫ፣ ኦክስጅን ይዛ የመጣች አዋላጅ፣ በር ላይ የቆመ መኪና፤ ዝርዝሩ አስደናቂ ነበር። ሁላችን አደነቅን። አንደኛዋ «ተፈጥሯዊውን መንገድ የመረጠች» ተባለች፤ ሌላዋ «ባለጌ»። የተለያዩት በዕቃው ዝርዝርና በሩ ላይ በቆመው መኪና ነው።

ሕጉም ከሰፈሩ አይሻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ 30 ቀን ቅድመ ወሊድ፣ 90 ቀን ድኅረ ወሊድ፣ በድምሩ 120 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። የቤት ሠራተኛዋ ግን ከአዋጁ ውጭ ናት፤ ጉዳይዋ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንደሚታይ ብቻ ተነግሯታል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 የተገባላት ቃልም ይኸው ነበር። በ1996 የተገባን ቃል በ2011 ደግሞ መግባት፣ መቼም የእኛ ሕግ አውጪዎች ልዩ ጸጋ ነው! እንግዲህ ክሊኒኩ በር ላይ ቢሆንም፣ ወደ ክሊኒኩ መሄድ እንጀራዋን የሚያሳጣት ሴት ከሰሜን ሸዋ ገደል ሥር ካለችው ሴት በምን ትሻላለች?

«ዕቃውን ብትሰጧቸው ቤት መውለድን ታበረታታላችሁ» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። በቦሌ ጎዳና ሆቴሎች በሚደረጉ ዐውደ ጥናቶች፣ ከሻይ ዕረፍት በፊትም በኋላም ሰምቼዋለሁ። የሚገርመው፣ ይህን የሚሉት ሰዎች ለመኪናቸው ቦሎ ለመውሰድ ሲሄዱ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ይዘው ነው። የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሾፌር መኪናው እንዲነድ ይመኛል እንዴ? አስፋልትና አዋላጅ ነርስ ያላት ሴት፣ ሳሙናና ምላጭ ስለተሰጣት ብቻ እቤቷ አትቀርም። ሣጥኑ የተጨናነቀ ምጥን አይፈታም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። በምጥ ብዛት የሚመጣው ፊስቱላ ምን እንደሚያደርግም፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ሆስፒታል ያሳየናል። ስለዚህም በጉራጌ ምድር የአጣጥ ሆስፒታል በ1970ዎቹ የጀመረው የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው እንዲስፋፋ አጥብቄ እደግፋለሁ። ማቆያውና ሣጥኑ ግን አይጣሉም።

ሌሎች ይህን በሰላም አስማምተውታል። በኔዘርላንድ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሶ ያህሉ ወሊድ ቤት ውስጥ በሚፈጸምባት አገር፣ የጤና መድኅን ድርጅቶች የወሊድ ዕቃ ሣጥን ለነፍሰ ጡሮች ወደ ቤታቸው ይልካሉ፤ ሆስፒታል ለመውለድ ላሰበችውም ጭምር። በድህነት ከእኛ ብዙም ያልራቀችው ኔፓል ደግሞ በ1990ዎቹ በርካሽ የሚሸጥ የወሊድ ሣጥን አዘጋጀች፤ ሳሙና፣ ፕላስቲክ፣ ምላጭ፣ ክርና እትብቱ ተደግፎ የሚቆረጥበት የፕላስቲክ ሳንቲም ያለበት። ሳንቲሙ የተጨመረው፣ በአገሩ ልማድ እትብት በሳንቲም ላይ ስለሚቆረጥ ነው። ልማዱን አልሰደቡትም፤ አጠቡት እንጂ።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ» የተባሉት ቀበሌዎች ምን ሆኑ? ሰሌዳው ጤና ኬላው ደጅ ቆሞ ይሆናል፤ ሴቲቱ ግን ቤቷ ወልዳለች፤ በእጇም ምንም አልነበረም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለአራተኛው የቅድመ ወሊድ ክትትል የመጣች ነፍሰ ጡር ሁሉ፣ የመውለጃ ቀጠሮዋንና የአምቡላንሱን ስልክ ስትቀበል ሣጥኑንም አብራ ትቀበል፤ ባለሙያዋም ያልተጠቀመችበትን ሣጥን ስለ መለሰች እናት እንጂ ስለ ሰጠችው ሣጥን አትጠየቅ። ቤት የወለደችው ሴት በመዝገቡ ላይ በእውነተኛ ስሟና በእውነተኛ ቦታዋ ትጻፍ። የቤት ሠራተኞቹም ደንብ ከ1996 ጀምሮ የተቀመጠበት መሳቢያ ይከፈት።