ውሃው በነፃ፣ ስኳሩ በውድ

የአዳማ ነዋሪ የሚጠጣው የአዋሽን ውሃ ነው። ወንጂና መተሐራም አገዳቸውን የሚያጠጡት በዚሁ ወንዝ ነው።

አንድ ሄክታር አገዳ በአንድ የምርት ዘመን ከ15,000 እስከ 25,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። በአዋሽ ተፋሰስ ግን ለረጅም ዓመታት ይከፈል የነበረው ለ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር ብቻ ነበር። ይህ ለአንድ ሄክታር ከ45 እስከ 75 ብር መሆኑ ነው! በዚህ ሂሳብ ለቁጠባ ገንዘብ የሚያወጣ እርሻ ይከስራል እንጂ አያተርፍም። ያለ ልክ የፈሰሰው ውሃም ወደ መሬት ሰርጎ ጨው እያወጣ ማሳውን ይጎዳል።

ስለዚህ እኛ የምንለው፦

1. ለመስኖ የሚውል ውሃ ይለካ፤ ትላልቅ እርሻዎችም በተጠቀሙት መጠን ይክፈሉ።

2. ገቢው ለአገዳ አብቃይ ገበሬዎች ማኅበራት የቁጠባ መስኖ ብድር ይዋል።

3. ወጪው ከሚቀለው ይጀመር፤ ይኸውም ማሳን ማስተካከልና አንዱን ቦይ እየዘለሉ ማጠጣት ነው። የጠብታ መስኖ የቧንቧውንና የኤሌክትሪኩን ወጪ በሚመልስበት ቦታ ይተከል።

ስኳር በማግስቱ ይረክሳል ብለን አንሸነግላችሁም። የሚባክነው ውሃ ግን የእናንተም ነውና ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህን አስቡ።