የሀዋሳ ሴራሚክ፦ ከገበታ ዕቃ ወደ ሞገድ መጣጭ ቁስ

ሀዋሳ በአገራችን የሴራሚክ ኢንዱስትሪ ታሪክ የራሷ ስፍራ ያላት ከተማ ናት። በታቦር ተራራ ስም የሚጠራው የከተማዋ ሴራሚክ ፋብሪካ፣ በጉጂ ምድር ቦምቦውሃ ከሚገኘው ክምችት የሚወጣውን ካኦሊን በግብዓትነት ሲጠቀም ቆይቷል። በዓለም ገበያ ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው ሴራሚክ ግን የገበታ ዕቃና የወለል ንጣፍ ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ሙቀትን ተቋቁሞ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን የሚመጥጥ ሴራሚክ ለአቪዬሽን፣ ለመገናኛ መሣሪያዎች መፈተሻና ለኢንዱስትሪ ማሞቂያ ምድጃዎች ይፈለጋል። የአገር ውስጥ ጥሬ ሀብት እዚህ ደረጃ ሊደርስ ይችላልን?

መልሱ በቁሱ ባሕርይ ላይ ይመሠረታል። ካኦሊን በከፍተኛ ሙቀት ሲተኮስ ሙላይት የተሰኘ ጠንካራ ማዕድን ይፈጠርበታል፤ ሙቀት የመቋቋም አቅሙም ከዚህ ይመነጫል። ይሁን እንጂ ሞገድን በአብዛኛው ያሳልፋል እንጂ አይመጥጥም። ሞገዱን ውጦ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ሌላ ቁስ ሊጨመርበት ይገባል። ለዚህ የሚያገለግለው ፌራይት ከጥቂት መቶ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መግነጢሳዊ ባሕርዩን ያጣል። ሲሊከን ካርባይድ በአንጻሩ ከ1,000 ዲግሪ በላይም አገልግሎቱን አያቋርጥም።

ሲሊከን ካርባይድ የሚመረተው ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋና ካርቦን በኤሌክትሪክ ምድጃ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ ነው። ስለሆነም ዋነኛው ወጪ ኃይል ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ኃይል በብዛት ለሚሹ እንዲህ ላሉ ኢንዱስትሪዎች መሠረት ይጥላል። ኃይል ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በካኦሊንና በኳርትዝ ውስጥ ያለው ብረት ተጣርቶ ካልወጣ የምርቱ ጥራት ይወርዳል፤ ጥራቱ በቤተ ሙከራ ያልተረጋገጠ ምርትም ገዢ አያገኝም። ክፍተቱ ያለው ከመቆፈሩ ይልቅ በማጣራቱና በመፈተሹ ላይ ነው። በአስር ዓመቱ የልማት ዕቅድ ማዕድንና የአምራች ኢንዱስትሪ ከምሰሶዎቹ መካከል መመደባቸው ይህን ክፍተት በቅንጅት ለመሙላት ዕድል ይሰጣል።

በሀዋሳና በአካባቢዋ በዘርፉ ለመሰማራት የሚፈልጉ ዜጎች የሚከተሉትን ሊገነዘቡ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ መሬቱን ይዞ መገኘት ብቻውን የማዕድን ማውጣት መብት አያስገኝም። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና በማሻሻያዎቹ መሠረት የባሕላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ በክልል ደረጃ ይሰጣል። በመሆኑም ክምችቱ በሲዳማ ክልል ውስጥ ከሆነ ለክልሉ፣ በጉጂ ከሆነ ደግሞ ለኦሮሚያ ክልል አግባብ ላለው አካል ማመልከት ያስፈልጋል። አመልካቾች ለመሣሪያ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት የጥሬ ዕቃውን ናሙና ማስመርመር ይጠቅማቸዋል፤ ተመሳሳይ የሚመስል ነጭ አፈር በውስጡ ባለው የአሉሚናና የብረት መጠን ምክንያት የተራራቀ ዋጋ ሊኖረው ይችላልና።