ሳይመረመር ዕቃ መለወጥ አይገባም
ታይቶ ስለሚጠፋ የአሮጌ አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ጉድለት የቀረበ አስተያየት

ክቡራን የአገር ገዥዎች፣ የእርሻ ጌቶችና የወረዳ ሹማምንት፤

ከከተማ ርቆ በሚገኝ ወረዳ የሚሠራ አውቶሞቢል ለመንሸራሸር የተሰጠ ዕቃ አይደለም። ምርጥ ዘር የሚያደርስ፣ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን አድርጎ እስከ በረት የሚወስድ፣ በጭንቅ ጊዜም ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመጣ እርሱ ነው። ስለዚህ ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ዝም ያለ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ በሾፌሩ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ክትባቱን ከሚጠብቀው ከብት አርቢና ዝናቡ ሳያልፍበት ሊዘራ ከተሰናዳው ገበሬ ዘንድ ይደርሳል። በረዶው ከቀለጠ በኋላ የደረሰ ክትባትም ካልደረሰው አይሻልም።

ሞተር ፈጽሞ አልነሣ ብሎ የቀረ እንደ ሆነ ምክንያቱን ማግኘት ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ታይቶ የሚጠፋው ጉድለት ነው። ሰኞ አልነሣ ይላል፤ ማክሰኞ ያለ አንዳች ችግር ይነሣል። በኮረኮንች መንገድ ላይ መብራቱ ይፈዛል፤ ከጋራዥ ደጅ ሲደርስ ግን ደኅና ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የተለመደው ነገር በግምት ዕቃ መለወጥ ነው። አስቀድሞ ባትሪው ይለወጣል፤ ጉድለቱ ሲመለስ ዲናሞው ይለወጣል፤ ቀጥሎም ሞተሪኖው። በመጨረሻ አንድ የዛገ ማሰሪያ ተፍቆ ሲጠብቅ ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ የወጣው ገንዘብ ግን አይመለስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረ ልኬት ሳይቀርብለት፣ ባለሥልጣን ለአዲስ ባትሪም ሆነ ለአዲስ ዲናሞ መግዣ ፊርማውን ሊሰጥ አይገባውም።

ነገሩን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ባትሪ ማለት እንደ ጎተራ ነው፤ የተሰበሰበውን ኃይል ያኖራል እንጂ ራሱ አያመርትም። የሚያመርተው በሞተሩ ጉልበት፣ በቺንጊያ የሚዞረው ዲናሞ ነው። ሽቦዎቹና ማሰሪያዎቹ ደግሞ እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ የሚጓዝባቸው መንገዶች ናቸው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሌላ ጎተራ መሥራት እህል አያመጣም። አዝመራው እንዴት እንደ ነበረ፣ መንገዱ ተዘግቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ሌሊት የሚሰርቅ ሌባ እንዳለ መጠየቅ ይቀድማል።

በቀድሞ ዘመን በአውቶሞቢል ላይ የነበረው ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እምብዛም አያመርትም ነበር። በአሜሪካ የክራይስለር ኩባንያ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1960 ቫሊያንት በተባለው ሞዴል ላይ አልተርኔተር ካደረገ ወዲህ፣ አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን በየፋብሪካው እየተካ ሄደ። ባለጋራዦች ዛሬም ሁለቱን በአንድ ስም ዲናሞ ይሏቸዋል፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት አለማወቅ የሚያመጣውን ጉዳት ወደ ታች እንገልጻለን።

በአሮጌ አውቶሞቢል ታይቶ የሚጠፋ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚሸሸገው በማሰሪያዎች ላይ ነው። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይበቅላል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ብሎኑ ይላላል። ከዚህም ሁሉ የሚረሳው ማሳ የሚባለው፣ ባትሪውን ከሞተሩና ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ካቦ ነው። ኤሌክትሪክ የሄደበትን ያህል መመለስ አለበትና፣ መመለሻው ሲጠብበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜም በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል አልፎ ገመዱን ያግለዋል። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ካለና በዚያው ቅጽበት መብራቱ ከፈዘዘ፣ ባትሪውን ከመኰነን በፊት እነዚህን ማሰሪያዎች ፈትቶ፣ ፍቆ፣ መልሶ ማጥበቅ ይገባል።

ሁለተኛው መሸሸጊያ ትንሽ ስለ ሆነ ይናቃል። በብዙ አሮጌ አውቶሞቢሎች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በሾፌሩ ፊት ባለው ቀይ የባትሪ ምልክት አምፖል በኩል ነው። ቁልፉ ሲከፈት አምፖሉ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣም መጥፋት አለበት። አምፖሉ የተቃጠለ እንደ ሆነ፣ ዲናሞው ደኅና ሳለ ማምረት ሊያቅተው ይችላል። በዲናሞው ውስጥ ያሉት ካርቦኖች ባለቁ ጊዜም አንዴ ይነካሉ፣ አንዴ ይለቃሉ፤ ስለዚህ ዲናሞው ያመርታል፣ ወዲያውም ያቆማል።

መካኒኩ ሊያቀርባቸው የሚገቡት ልኬቶች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ የሞላ እንደ ሆነ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.2 ያሳየ እንደ ሆነ የቀረው ኃይል ግማሽ ገደማ ነው።

2ኛ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ፈጠን ብሎ ሲዞር ልኬቱ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይሆናል። በ12.5 የቀረ እንደ ሆነ ዲናሞው አያመርትም፣ ወይም ያመረተው አይደርስም። ከ15 በላይ የወጣ እንደ ሆነ መቈጣጠሪያው ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚታይ ጉድለት ስላለ፣ ይህ ልኬት ማለዳ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ፣ መብራቱም ሁሉ በርቶ መደገም አለበት።

3ኛ፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር በባትሪው የማሳ ራስና በሞተሩ ብረት መካከል ያለው ልኬት ከግማሽ ቮልት የበለጠ እንደ ሆነ፣ የማሳው ካቦ ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷል።

4ኛ፤ ቁልፉ ተዘግቶ፣ በሮቹም ተዘግተው ሳለ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከ50 ሚሊአምፔር ሊበልጥ አይገባም። 500 ሚሊአምፔር የሚሰርቅ ሌባ በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 60 የሆነውንም ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ያደርገዋል። ሌባው የሚያዘው ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ ልኬቱ በየትኛው እንደሚወርድ በማየት ነው።

ከልኬቱም ጋር ሾፌሩ በመዝገብ ሊጽፈው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ጉድለቱ የታየው በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በዝናብ ወይስ በደረቅ፣ በኮረኮንች ወይስ በደልዳላ መንገድ፣ መብራት በርቶ ወይስ ጠፍቶ እንደ ሆነ ነው። ከዝናብ በኋላ ብቻ የሚታይ ጉድለት ቺንጊያውን ወይም ውሃ የገባበትን ማሰሪያ ያመለክታል፤ በኮረኮንች ብቻ የሚታየው የላላ ሽቦን ያመለክታል። ነገር ግን ሾፌሩ ይህን በእውነት የሚጽፈው ካልፈራ ነው። ጉድለት በተናገረ ቁጥር ከደመወዙ የሚቈረጥበት ሰው ጉድለቱን ይሸሽጋል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ የተናገረውን ሾፌር ማመስገን የሹም ፈንታ ነው።

ፈጽመው ሊከለከሉ የሚገቡ ሦስት ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዲናሞውን ለመፈተን ሲባል ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ መንቀል ነው። ይህ ከአሮጌው ዲናሞ ዘመን የተረፈ ልማድ ሲሆን፣ በአልተርኔተር ላይ ሲደረግ በውስጡ ያሉትን ዳዮዶችና መቈጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው፣ በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ ማሰር ነው፤ ይህ እሳት መጥራት ነው። ሦስተኛው፣ ሳያዩ ባትሪ መግጠም ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ አውቶሞቢሎች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበረ፤ ስለዚህ ከማሰር በፊት ምልክቱን ማየት ግድ ነው።

አንዳንዶች በወረዳችን መለኪያ የለም፣ ለምርመራም ጊዜ የለንም ይሉ ይሆናል። ቴስተር የሚባለው ቀላል የቮልት መለኪያ ግን ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ እጅግ ያንሳል፤ ለትራክተርና ለውሃ መሳቢያ ሞተርም ያው ያገለግላል። የተዘረዘሩትም ልኬቶች ከአንድ ማለዳ ሥራ አይበልጡም። ባትሪ አያረጅም ማለታችንም አይደለም። ማሰሪያው ጠርቶ፣ ዲናሞውም እያመረተ፣ ሌባም ሳይኖር በሌሊት የሚወርድ ባትሪ ዘመኑን ጨርሷልና ያለ ክርክር ይለወጥ። የምንለው፣ ፍርድ ከምርመራ በኋላ ይሁን ነው።

እናንተም ማንንም ሰው ምስክር ሳትሰሙ እንደማትፈርዱበት፣ ለሕዝብ ሥራ በተገዛ ዕቃ ላይ ሳትመረምሩ አትፍረዱ። የግዢ ወረቀት ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ፦ ልኬቱ የት አለ? ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ በየወረዳው የተለመደ ሲሆን፣ በከንቱ የሚወጣው ገንዘብ ለዘርና ለመድኃኒት ይተርፋል፤ አውቶሞቢሉም በተፈለገበት ማለዳ ይነሣል።