ክረምቱ የማን ነው?

ሰኔ ሲያልቅ ወደ 12ኛ ክፍል ለሚያልፉ ተማሪዎች «ክረምቱን ኮምፒዩተርና እንግሊዝኛ ተማሩበት» ማለት ይቀናናል። ለጎንደር ፒያሳ ልጅ ጥሩ ምክር ነው። የዳባቱስ? የተከራየውን ቤት ለቆ ወላጆቹ ዘንድ ሲገባ የሚጠብቀው አረም ነው። አባቱን «አላርምም» ሊል ነው እንዴ?

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የደጋው ልጅ ዕቅድ ትንሽ ይሁን፤ የ11ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፉን ይዞ ይሂድ፣ ዝናቡ አላሳርም ባለ ቀን ጥቂት ጥያቄ ይሥራ። ያልገባውን ማን ያስረዳው? እኛ ነና፣ ለዕረፍት የምንሄደው! እኔማ አምና ክረምቱን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። የጎረቤታችን ልጅ ሁለት ጊዜ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «ተኝቷል» ተብሎ ተመልሷል።