ከመጣሉ በፊት ይፈታ

የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ተብሎ ሲጣል፣ ብዙ ጊዜ የደከሙት በውስጡ ካሉት ሴሎች አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። የቀሩት ገና ያገለግላሉ። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ከእነዚህ ሴሎች መብራት ሲጠፋ የሚያበራ ኤልኢዲ አምፖል አሠራርን ያሳያል። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ሴሉ ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር፣ 65 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሲሊንደር ነው፤ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ያሳያል። ቴስተር ላይ ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን፣ ያበጠውን ወይም የዛገውን ግን ለማዳን አትሞክሩ። መከላከያ ያለው የቻርጅ ሰሌዳ ለመግዛትም ገንዘብ አትሰስቱ፤ ያለ እሱ የተሠራ የሊቲየም ባትሪ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ማስጠንቀቂያ በየገጹ የደጋገምነው ሆን ብለን ነው።

ከዚያ ቀጥሎ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ እንገባለን። አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ የሚሆንበት ሰፈር ነው። በትንሽ ወጪ መሥራትን ከእነዚህ ባለሙያዎች የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም፤ ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእነሱ ሰጥተናል። ስለ ሬዲዮ ስፒከርና ስለ አሮጌ ስልክ ቻርጀር አጫጭር ጽሑፎችም አሉ። ካውያና ሊድ ነክታችሁ የማታውቁ ከመጨረሻው ጽሑፍ ጀምሩ፤ ለእናንተ የተጻፈ ነው።