ስለ ጭነት ፉርጎ ጥገናና ስለ ተቈጣጣሪው ኀላፊነት

የባቡር ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ከፊት ሆኖ በሚጐትተው ሎኮሞቲቭ ላይ ነው፤ ከኋላ ተቀጣጥለው ስለሚከተሉት ፉርጎዎች የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ሎኮሞቲቭ ነጂ አለው፤ ነጂውም ድምፁን እየሰማ፣ መለኪያውን እያየ፣ ጕድለት ባገኘ ጊዜ ያቆመዋል። ፉርጎ ግን እንደ ዲዳ ነው። መንኰራኵሩ ቢሰነጠቅ፣ ኩሽኔታው ቢግል፣ ፍሬኑ ቢላላ፣ ሕመሙን አይቶ የሚናገርለት ሰው ካልተመደበለት በቀር ዝም ብሎ ይጓዛል፤ ዝምታውም የሚያበቃው ከሐዲዱ በወጣ ጊዜ ነው። ስለዚህ የባቡር መንገድ ደኅንነት የሚለካው በሎኮሞቲቩ ኀይል ሳይሆን በመጨረሻው ፉርጎ ጤንነት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህ ነገር የአቃቂንና የቃሊቲን አካባቢ በተለይ ይመለከታል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያም የገንዘብ ችግርና የመንግሥታት ክርክር ሥራውን ብዙ ዘመን አዘገየው፤ በመጨረሻም አቃቂ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ አቃቂ ከባሕር ለሚመጣው ዕቃ የዋናይቱ ከተማ ደጃፍ ሆነች፤ ፋብሪካዎችም በሐዲዱ ዳር እየበዙ ሄዱ። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ሸሚንደፈር ብለው የሚያስታውሱት ያ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበረ።

አሁን ጭነቱን የሚሸከመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ሲሆን፣ ከሰበታ ተነሥቶ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አጠገብ በእንዶዴ የጭነት ጣቢያ በኩል አልፎ፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ጅቡቲ ይደርሳል። ምረቃው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ መደበኛውን የንግድ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ሥራውን የያዘው የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ከአክሲዮኑም ከመቶው 75 እጅ የኢትዮጵያ፣ 25 እጅ የጅቡቲ ነው። ሲጀመር 1,100 ያህል የጭነት ፉርጎዎች ተገዝተውለታል። ሐዲዱን የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥራውን ሲያካሂዱ ቈይተው፣ በ2016 ዓ.ም. ለሁለቱ አገሮች ሠራተኞች አስረከቡ።

ይህ ርክክብ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ርክክብ ማለት ቍልፍ መቀበል ብቻ አይደለም፤ ከቍልፉ ጋራ የነገው ጕድለትም አብሮ ይወረሳል። ፉርጎዎቹ አዲስ ሳሉ የጥገና ስሕተት ቢኖር እንኳ የብረቱ ጽናት ይሸፍነው ነበረ። ስምንት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ ግን አዲስነቱ እያለቀ፣ ስሕተቱ እየተገለጠ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የፉርጎ ጥገና ጕዳይ የሚታሰብበት ሰዓት አደጋ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን አሁን ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የፉርጎ ጕዳት በዋናው በሦስት ነገር ይመጣል። መጀመሪያው መንኰራኵሩ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝ ይግላል፣ ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም መጋልና መቀዝቀዝ ብዛት ከፀጕር የቀጠነ ስንጥቅ ይፈጠርበታል። ስንጥቁ ለዓይን ስለማይታይ፣ በየተወሰነው ጊዜ በመሣሪያ መመርመር ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው። ግራሶው ሲያልቅ ወይም አቧራና ውሃ ሲገባበት ይግላል፤ ግለቱ እየበረታ ከሄደም መንኰራኵሩን የያዘውን ዘንግ ጫፉን አጋይቶ ይቈርጠዋል። ሦስተኛው ፍሬኑ ነው። የባቡር ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው፤ አየሩም ከሎኮሞቲቩ ተነሥቶ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በቱቦ ይተላለፋል። በመካከል ያለ አንድ መዝጊያ ተዘግቶ ቢረሳ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ፉርጎዎች ሁሉ ፍሬን እንደሌላቸው ይሆናሉ። ስለዚህ ባቡር ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ መያዙና መልቀቁ መረጋገጥ አለበት።

ከእንዶዴ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ እስከ ባሕር ወለል ይወርዳል። በቍልቍለቱ ፍሬኑና መንኰራኵሩ ይፈተናሉ፤ በቆላው ደግሞ ሙቀቱና አሸዋው ኩሽኔታውን ይፈትኑታል። በደጋ ሳለ ጥቂት የሚመስለው ጕድለት በቆላ ትልቅ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉም የሚሻለው የምርመራ ስፍራ እንግዲህ ቍልቍለቱ ሳይጀመር ያለው ጣቢያ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ የፍርሃት ወሬ እንዳይመስል፣ በሀብትና በጥበብ በቀደሙት አገሮች የደረሰውን መመልከት ይበቃል። በኢጣልያ አገር በቪያሬጆ ከተማ ሰኔ 22 ቀን 2001 ዓ.ም. ጋዝ የጫነ ባቡር ሲያልፍ የአንድ ፉርጎ ዘንግ ተሰበረ፤ ፉርጎው ተገለበጠ፣ ጋዙ ፈሰሰ፣ እሳትም ተነሣ፤ 32 ሰዎች ሞቱ። ዘንጉ የተሰበረው በዝገትና በድካም ቀስ በቀስ በተሰነጠቀበት ቦታ ነበረ።

በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በኢስት ፓለስታይን ከተማ ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የደረሰው ደግሞ በኩሽኔታ ምክንያት ነው። በሐዲዱ ዳር የተተከሉት የሙቀት መለኪያዎች የአንዱን ፉርጎ ኩሽኔታ ሲያልፍ ለክተውት ነበረ፤ በመጀመሪያው ከአካባቢው አየር በ21 ዲግሪ ያህል፣ በሁለተኛው በ57፣ በሦስተኛው በ140 ያህል ይበልጥ ነበረ። ቍጥሩ እየጨመረ መሄዱን አስቀድሞ ያስተዋለ አልተገኘም። በመጨረሻዎቹ ሁለት መለኪያዎች መካከል ያለው ርቀት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ፣ ነጂው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ባቡሩን ለማቆም ሲጀምር ጊዜው አልፎ፣ 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ። መርዝ የጫኑም ስለ ነበሩባቸው የከተማው ሰው ቤቱን ለቆ ለመሸሽ ተገደደ። መሣሪያ ነበረ፤ የመሣሪያውን ቃል በጊዜው የሚያነብ ግን ጐደለ።

ሦስተኛው ምሳሌ የስዊስ ነው። በዓለም ከሁሉ የሚረዝመው የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚህ ዋሻ ውስጥ የአንድ ጭነት ፉርጎ መንኰራኵር ተሰንጥቆ ተሰበረና ባቡሩ ከሐዲድ ወጣ። ሰው አልተጐዳም፤ ነገር ግን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና ሐዲዱን የሚሸከሙ 20,000 ያህል የሲሚንቶ አግዳሚዎች ተበላሹ፤ ዋሻውም ሙሉ በሙሉ ለሥራ የተከፈተው ነሐሴ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዓመት በላይ መሆኑ ነው። የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከዚህ በኋላ የመንኰራኵርን መጠንና ምርመራ የሚያጠብቅ ትእዛዝ ሲያወጣ፣ ባለፉርጎዎቹ ወጪው ከበደን ብለው ተቃወሙ። በየትኛውም አገር ቢሆን ጥንቃቄና ትርፍ መከራከራቸው የማይቀር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ኢትዮጵያም ከባቡር አደጋ ኀዘን ነፃ አይደለችም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር በመጠምዘዣው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ወደ ገደል ወደቀ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎችም እጅግ የከፋው ይህ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ፣ በድሬዳዋና በደወሌ መካከል በሚሠራው በአሮጌው ሐዲድ ላይ፣ ሸቀጥና ነጋዴዎችን የያዘ ባቡር በሺኒሌ አጠገብ ከሌላ ባቡር ጋራ ተጋጭቶ፣ ቢያንስ 14 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። በዚህ ባቡር ላይ ጭነትና ሰው አብረው ነበሩ። ስለዚህ የጭነት ባቡር ጥንቃቄ የዕቃ ጕዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የሺኒሌ ሙታን መልስ ይሰጡታል።

እንግዲህ ምን መደረግ ይገባል? ነገሩ በሁለት ይጠቃለላል፤ ይኸውም የሚታወቅ ባለአደራና ነፃ የሆነ ተቈጣጣሪ ነው።

መጀመሪያው ባለአደራው ነው። ከቪያሬጆ አደጋ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ደንብ፣ ማንኛውም የጭነት ፉርጎ ጥገናው የማን ኀላፊነት እንደ ሆነ የታወቀ እንዲሆን፣ ባለአደራውም ችሎታው ተመርምሮ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። የዚህ ትርጕም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በደብር ዕቃ ቤት ያለ አንድ ጽና እንኳ በመዝገብ ይጻፋል፤ ጠባቂው ሲለወጥም በቍጥር ይረካከባል፤ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር የሚጠየቀው ሰው በስሙ ይታወቃል። ለጽና እንዲህ ከተደረገ፣ የብዙ ሰው ነፍስ ለሚያልፍበት ፉርጎ መዝገብ መያዝ ምንም አይበዛበትም። እያንዳንዱ ፉርጎ ቍጥር አለው፤ በዚያ ቍጥር ሥር መንኰራኵሩ መቼ እንደ ተለካ፣ ኩሽኔታው መቼ እንደ ተፈተሸ፣ ፍሬኑ መቼ እንደ ተሞከረ፣ ይህንም ያደረገው ማን እንደ ሆነ ሊጻፍ ይገባል። ከተጻፈም በኋላ ሊነበብ ይገባል፤ የማይነበብ መዝገብ ወረቀት ማባከን ነውና።

ሁለተኛው ተቈጣጣሪው ነው። የሚያጓጕዘው ሰው የሚመሰገነው ብዙ ቶን ባጓጓዘ ጊዜ ነው። ፉርጎ ይቁም የሚለው ሰው በዚያው አለቃ ሥር ከሆነ፣ ተሟጋቹና ዳኛው አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ፍርዱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቢያዩኝ እስቃለሁ ባያዩኝ እሰርቃለሁ የሚለው ተረት የሌባ ብቻ አይደለም፤ የቸኰለ ሥራም እንዲሁ ነው፤ የሚያየው ካለ ይታረማል፣ የሚያየው ከሌለ ይሸፈናል። ስለዚህ ከመንግሥት በኩል የሚመደበው ተቈጣጣሪ ደመወዙም ሹመቱም ከአጓጓዡ የተለየ፣ ሳያስታውቅ መጥቶ የሚመረምር፣ ፉርጎውን በቃሉ ሊያቆም ሥልጣን ያለው መሆን አለበት። ደግሞም ጕድለት አይቶ የተናገረ ሠራተኛ ሥራ አዘገየህ ተብሎ የማይቀጣ መሆኑ በግልጽ ሊታወጅ ይገባል። የመዶሻና የመብራት መርማሪ ዝም እንዲል ከተፈረደበት፣ ፉርጎው ሁለት ጊዜ ዲዳ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። ማዳበሪያ ከክረምት በፊት ለገበሬው መድረስ አለበት፤ ስንዴና የምግብ ዘይት ይጠበቃል፤ ቡናም በቀጠሮው መርከብ ላይ ካልተጫነ ገበያው ያልፋል። አንድ ፉርጎ በጋራዥ የቆመበት ቀን ሁሉ ኪሣራ ነው። መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሊታሰብ ይገባል። ሐዲዱ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሲሆን፣ ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ነጠላ ነው። በነጠላው ሐዲድ ላይ አንድ ፉርጎ ቢወድቅ፣ የሚቆመው ያ ፉርጎ ብቻ አይደለም፤ ወጪውም ገቢውም አብሮ ይቆማል። ስዊሶች ዋሻው ሲዘጋባቸው የቀድሞው የተራራ ሐዲድ ነበራቸው፤ በኢትዮጵያ ግን ቀሪው መንገድ በሚሌና በጋላፊ በኩል የሚሄደው የካሚዮን መንገድ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ የተጨናነቀ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ስለዚህ አንድ ፉርጎን ለሦስት ቀን ማቆም ኪሣራ ቢሆን፣ ሐዲዱን በሙሉ ለብዙ ቀን ማቆም የበለጠ ኪሣራ ነው። ለኩሽኔታና ለመንኰራኵር መግዣ የሚመደበው ገንዘብም ከተረፈ የሚሰጥ ሳይሆን፣ እንደ ኤሌክትሪኩ ዋጋ አስቀድሞ የሚቈረጥ መሆን ይኖርበታል።

ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለውም ሰው ድርሻ አለው። በዚህ መስመር ላይ ገመድና ብረት መሰረቁ፣ እንስሳትም በሐዲዱ ላይ መገጨታቸው በተደጋጋሚ ተነግሯል። ብሎን የሚፈታ ሰው የሚሸጠው ጥቂት ብረት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚሸጠው የማያውቀውን መንገደኛ ነፍስ ነው። ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት የአካባቢው ሹማምንት፣ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ሥራ ነው፤ ሕግ በማይደርስበት ሌሊት የሚጠብቀው ኅሊና ብቻ ነውና።

ቀደምት አባቶች ሐዲዱን ከባሕር ዳር እስከ አቃቂ ለማድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ደክመዋል። የአሁኑ ትውልድ አዲሱን ሐዲድ በብድርና በድካም አቁሟል። መሥራት አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነው፤ መጠበቅ ግን በየቀኑ የሚደረግ ነው፤ ምረቃ ሙዚቃና ሰንደቅ ዓላማ አለው፤ ጥበቃ ግን መዶሻና መብራት ይዞ ከመጀመሪያው ፉርጎ እስከ መጨረሻው በእግር የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ያ ሰው በእንዶዴ ጣቢያ በጠዋት ብርድ ጐንበስ ብሎ ኩሽኔታ ሲዳስስ፣ ድሬዳዋና ሺኒሌ የሚያድሩትን እናቶችና ልጆች እየጠበቀ ነው። መዝገቡን የሚሰጠው፣ መሣሪያውን የሚገዛለት፣ ፉርጎው ይቁም ባለ ጊዜም ቃሉን የሚያጸናለት ባለሥልጣን ከተገኘ፣ የባቡሩ መንገድ ለአገሪቱ የሲሳይ መንገድ እንደ ሆነ ይኖራል።